የከሳን ፈረስ ስለ ማድለብ



በገበያ ቀን ከመንዝ ደጋ ወደ ማጀቴ ከሚወርዱት የጋማ ከብቶች መካከል የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ አይታጣም። ባለቤቱ ሲያዝንለት ገብስ ይዘረግፍለታል። ይህ ደግነት ግን ሊገድል ይችላል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ማስታወክም አይችልም፤ ተርቦ የቆየ ሆድ ድንገት እህል ሲሞላበት ቁርጠት ይነሣበታል።

ስለዚህ አስቀድሞ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ አይለየው። እህሉ ቈይቶ፣ በእፍኝ ተጀምሮ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይጨመር። ሸክሙም ይቀነስለት። (የቆላው ሙቀት አከሳው ለሚሉትም፦ ላቡ ጨዉን ይወስድበታልና አሞሌ ያስልሱት።)

እየበላ የማይወፍር ከሆነ አፉ ይታይ። የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ እየሾለ ጉንጩን ያቆስለዋል፤ ያኘከውንም ከአፉ ይጥላል። ይህን ድርቆሽ አያድነውም፤ የሐኪም ሞረድ ነው የሚያድነው። የሆድ ትልም ቢሆን መድኃኒቱ በክብደቱ ልክ ይሰጣል እንጂ በግምት አይደለም።

በእርሻ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሞረድና የትል መድኃኒት የያዘ አንድ ሐኪም በየገበያው ቀን ከገበያው ዳር እንዲቆም ብታደርጉ ምን ይጎድላል? ፈረሱ የወደቀበት ሰው የልጆቹ እንጀራም አብሮ ይወድቅበታል።

አንድ መምህር
ከማጀቴ