ለጋሪ ፈረስ የሚገዛው ማዕድን ከፉሩሽካው ጋር ይመዘን

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት፣ የእንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና የማር ምርትን ለማሳደግ ትኩረት የሰጠ መሆኑ ይታወቃል። ከዚህም የተነሳ የመኖ ጉዳይ በየገበሬ ማኅበሩ የመነጋገሪያ ርዕስ ሆኗል። ይሁን እንጂ ወተትም ሆነ እንቁላል የማይሰጠው፣ ነገር ግን ወተቱንም እህሉንም ገበያ የሚያደርሰው ፈረስ በዚህ ውይይት ውስጥ ስሙ እምብዛም ሲነሳ አይሰማም።

በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ፈረሶች አሉ። በአዊ ደጋማ ወረዳዎች ፈረስ ሞፈር ሳይቀር ይጎትታል። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ዙሪያ ደግሞ ባጃጅ የመንገደኛውን ሥራ ቢሻማበትም ጭነቱን ዛሬም የሚያመላልሰው ባለ ጋሪው ነው። የወተት ላም፣ የሚደልብ በሬና ዶሮ ሁሉ የሚፈልጉትን ፉሩሽካና ፋጉሎ ፈረሱም ይፈልገዋል። ዋጋው እየናረ ሲሄድ የሚጎዳው ማንም የማይከራከርለት ፈረስ መሆኑን ለመገንዘብ አያዳግትም።

በዚህ ጊዜ የመኖ ማመጣጠኛና የማዕድን ድብልቅ እያሉ ለገበሬ ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ቢመጡ መሪዎቹ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ። ማመጣጠኛው የሚያመጣጥነው ምንን ከምን ጋር ነው?

የመኖ ማመጣጠኛ በውጭ አገር የተለመደው ጥሩ ሣርና ድርቆሽ ጠግቦ ለሚበላ፣ አልፎ ተርፎም ለሚወፍር ፈረስ ነው። ሥራውም ስብ ሳይጨምር ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን መስጠት ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ኪሎ ክብደት በቀን 100 ግራም ያህል ስለሆነ 250 ኪሎ ለሚመዝን የእኛ አገር ፈረስ ሩብ ኪሎ ይበቃል ማለት ነው። የኛ ጋሪ ፈረስ ችግር ግን ከዚህ ይለያል። 250 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ማግኘት ሲኖርበት የጤፍ ጭድ በግማሽ ሆዱ በልቶ የሚውለው ብዙ ነው። የጎደለውን ጭድና ድርቆሽ በሩብ ኪሎ ዱቄት መተካት አይቻልም። ገንዘብ ቢኖር መጀመሪያ ድርቆሽ ይገዛ ማለት ተገቢ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙ ጊዜ የማይታየው ጉዳት የሚመነጨው ከራሱ ከፉሩሽካው ነው። ፉሩሽካ ለፈረስ ምርጥ ምግብ ተደርጎ ይቆጠራል። ባለ ጋሪው ፈረሱን ሲወድ ፉሩሽካ ይጨምርለታል። ነገር ግን በ1 ኪሎ የስንዴ ፉሩሽካ ውስጥ 11 ግራም ያህል ፎስፈረስ ሲኖር ካልሲየሙ ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። ለአጥንት የሚያስፈልገው ግን የተገላቢጦሹ ነው። በፈረስ ቀለብ ውስጥ ካልሲየም ከፎስፈረስ ማነስ የለበትም፤ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ፎስፈረሱ ሲበዛ ካልሲየም ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ሰውነት ደግሞ ደሙ ውስጥ የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንት እየሟጠጠ ያወጣል።

ይህ በወራት ውስጥ ሲደጋገም ፈረሱ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው እግሩ ያነክሳል፤ አረማመዱ ይደርቃል፤ ማላመጥ ይከብደዋል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል። ኋላም የፊቱና የመንጋጋው አጥንት በሁለቱም በኩል ያብጣል። በአውሮፓ ቀደም ባለው ዘመን ይህ በሽታ የወፍጮ ቤት ፈረሶች በሽታ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ምክንያቱም ፉሩሽካ የሚተርፋቸው ወፍጮ ቤቶች ፈረሶቻቸውን በእርሱ ይቀልቡ ስለነበር ነው። በእኛ ዘንድ ያነከሰ እግር በጋለ ብረት የሚተኮስበት ልማድ አልጠፋም። ጉድለቱ ከቀለቡ የመጣን አንካሳ መተኮስ ተጨማሪ ቁስል ከማትረፍ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ሂሳቡን በአንድ ፈረስ ማየት ይቻላል። 250 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ ፈረስ በቀን ወደ 17 ግራም ካልሲየምና ወደ 10 ግራም ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። 4 ኪሎ ጭድና 2 ኪሎ ፉሩሽካ ቢበላ 26 ግራም ያህል ፎስፈረስ ሲያገኝ ካልሲየሙ ግን 15 ግራም ቢሆን ነው። ይህንን የሚያስተካክለው ውድ ነገር አይደለም። ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከመቶ 38 እጅ ያህሉ ካልሲየም ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ፉሩሽካ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ማለትም ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ ተኩል የሚጠጋ ዱቄት፣ በጥቂት ውኃ አርሶ ቢደባለቅ ሚዛኑ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለመኖ የሚሆነው ሳይቃጠል የተፈጨው ድንጋይ ነው። ለግንብና ለግድግዳ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ አፍና ጨጓራ የሚያቃጥል መርዝ ነው። የሁለቱም ስም ኖራ በመሆኑ ገዢው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሳይሆን ከመኖ ማቀነባበሪያ እንዲገዛ መሪዎቹ አጥብቀው መናገር ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ርካሽ ማዕድን ጨው ነው። ፈረስ ከላም ይልቅ በላቡ ብዙ ጨው ያጣል፤ በአንድ ሊትር ላብ ውስጥ 10 ግራም ያህል ጨውና ሌሎች ማዕድናት ይወጣሉ። በሞጆ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ስንት ሊትር እንደሚያልበው ባለቤቱ ከኮርቻው ሥር ያየዋል። ለሠራተኛ ፈረስ በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ በሙቀት ወራት ከዚያም በላይ፣ መኖው ላይ መነስነስ ያስፈልጋል። አሞሌ ማስላስ ለከብት በቂ ቢሆንም የፈረስ ምላስ ለስላሳ ስለሆነ የሚበቃውን ያህል አይልስም። ለቤት የሚገዛው አዮዲን ያለው ጨው ለፈረስም ይሆናል። ውኃ ሳይኖር ግን ጨው መስጠት አይገባም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ለከብት የሚሰጠው ቦሌ የተባለው አፈር ሶዲየም አለው፤ ይዘቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ግን የፉሩሽካውን ጉድለት ይሞላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የተዘጋጀ ድብልቅ የሚገዛ ከሆነ ከጆንያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ካልበለጠ ፉሩሽካ ለሚበላ ፈረስ አይረባም። በስምጥ ሸለቆ ግጦሽ የመዳብ እጥረት መኖሩ በጥናት ስለታየ መዳብና ዚንክ ቢኖሩት መልካም ነው። ሴሌኒየም ያለባቸውን ሁለት ድብልቆች በአንድ ጊዜ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ በጥቂቱ የሚጠቅመው ሲበዛ ሰኮናና ጋማ ያረግፋል። ዩሪያ ያለበት የሞላሰስ ብሎክ ደግሞ ለሚያመሰኳ እንስሳ የተሠራ በመሆኑ ከፈረስ ግርግም ይራቅ።

ከሁሉም የከፋው የዶሮ ወይም የድልብ በሬ መኖ ለፈረስ መስጠት ነው። በእነዚህ መኖዎች ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሞነንሲን የተባለ መድኃኒት ይጨመራል። ለዶሮ የኮክሲዲያ መከላከያ የሆነው ይህ መድኃኒት በፈረስ ላይ ልብን ይመታል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ያህል ፈረስን ሊገድል ይችላል። ማዳኛም የለውም። ዩኒየኑ የዶሮ መኖ በቀላቀለበት ማሽን ሳያጸዳ የፈረስ መኖ ቢቀላቅል እንኳ አደጋው አይቀርም። መሪዎቹ ውል ሲፈራረሙ ይህ ነገር በጽሑፍ እንዲገባ ቢጠይቁ ማንም አላዋቂ አይላቸውም።

መኖ በግቢያቸው ለሚያለሙም ምርጫ አለ። አልፋልፋ ካልሲየሙ የበዛ በመሆኑ በቀን አንድ እቅፍ ብቻ እንኳ ፉሩሽካውን ያግዛል። ዝሆኔ ሣር ለላም ግሩም ቢሆንም በውስጡ ያለው ኦግዛሌት ካልሲየምን ስለሚይዝ ለፈረስ ብቸኛ መኖ መሆን የለበትም። ሉኪኒያ የፈረስን ጋማና ጭራ ያረግፋልና ለእርሱ አይሰጥ።

በተግባር የሚቀረው መስፈሪያውን ማስተካከል ነው። ባለ ጋሪዎች ፉሩሽካ የሚሰፍሩት በጣሳ ሲሆን የ1 ሊትር ጣሳ ፉሩሽካ ሩብ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ሚዛን አስቀምጦ እያንዳንዱ ባለ ጋሪ ጣሳውን አንድ ጊዜ እንዲያስመዝን፣ የኖራ ድንጋዩንም ዱቄት በጅምላ ገዝቶ በየኪሎው እንዲያከፋፍል ማድረግ ይቻላል። ያነከሱትን ፈረሶች የእንስሳት ጤና ባለሙያው መዝግቦ ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ መልሶ ቢያያቸው፣ አጥንት ቀስ ብሎ የሚጠገን ነውና ለውጡ በመዝገቡ ላይ ይታያል።