«ያለ መድኃኒት ሸኙን»

ከመርሳ አንዲት አያት ያደረሱን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የልጄ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። ጉንፋን ይዞት ከዳነ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ገላውን ሳጥበው እግሩና ጀርባው በልዟል፤ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦችም ወጥተውበታል። ‹ማን መታህ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ማንም አልመታኝም› አለኝ። ሐኪም ቤት ደሙን መርምረው ‹ፕሌትሌቱ 14,000 ነው፤ ቤት ሆኖ ይጠበቅ› ብለው ያለ መድኃኒት ሸኙን። ድሃ ስለሆንን ይሆን?»

እማማ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ግን አልተናቁም። ለብዙ ልጆች ሕክምናው ይኸው መጠበቁ ነው።

ፕሌትሌት የተጎዳ የደም ሥር ላይ ተጣብቆ መድማትን የሚያቆም ጥቃቅን የደም ህዋስ ነው። ጤነኛ ሰው ከ150,000 እስከ 450,000 አለው። አንዳንዴ ከጉንፋን በኋላ የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና የራሱን ፕሌትሌት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ጣፊያም ለቅሞ ያጠፋዋል። ሐኪሞች አይቲፒ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የማንም ጥፋትም አይደለም።

«ታዲያ ፕሌትሌት ለምን አይሰጡትም?» ይሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዊልያም ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንዲት ታማሚ ደም በራሱ ላይ ቢሰጥ፣ ፕሌትሌቱ በሰዓታት ውስጥ አሽቆለቆለ። አጥፊው ነገር በደም ውስጥ እንዳለ የታወቀው እንዲህ ነው። ከሌላ ሰው የተሰጠውንም ፕሌትሌት ቶሎ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የሚሰጠው ሕይወት የሚያሰጋ መድማት ሲኖር ነው።

ከ10 ልጆች 8ቱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናሉ፤ ብዙዎቹ በሳምንታት። የመድኃኒት ዓላማ መድማትን ማቆም እንጂ ቁጥሩን ማሳመር አይደለም። ቆዳው ብቻ ለበለዘ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቅ ይበቃል። ከአፍ ወይም ከአፍንጫ የሚደማ ከሆነ ግን ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀናት ሊታዘዝ ይችላል። ሲብስ ውድ የሆነው ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር ይሰጣል።

መርሳና አካባቢዋ ወባ አለ፤ ወባም ፕሌትሌት ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁ ትኩሳት ካለው የወባ ምርመራ ይደረግለት። ከገረጣ፣ አጥንቱን ካመመው ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ካወጣ ደግሞ ነገሩ የደም ካንሰር እንዳይሆን እንደገና መታየት አለበት።

መጠበቅ ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይስጡት፤ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። ታፋው ወይም መቀመጫው ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ሕመሙን ይንገሩ። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና ጥርስ ማስነቀል ይቅርበት። ማንጎ ዛፍ ላይ መውጣቱም ለጊዜው ይቁም። ቢነስረው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ለስላሳውን የአፍንጫውን ክፍል 10 ደቂቃ ጨምቀው ይያዙለት።

ነስሩ እምቢ ካለ፣ ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሽንቱ ደም ከመሰለ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካስታወከው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን ነገን አይጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ከዚያ ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ከላኩት አይዘግዩ። በአንጎል ውስጥ መድማት ከ100 ልጆች አንዱን እንኳ የማያገኝ ነው፤ ካገኘ ግን ሊገድል ይችላል።

ይህ ምክር ለልጅ ነው። አዋቂን ሲይዝ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሄድም፤ የኤች አይ ቪና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ያስፈልገዋል። ፕሬድኒሶሎን የጀመረም ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ።

እማማ፣ የደም ውጤቱን ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ቀጠሮውንም አያሳልፉ። በየቀኑ ሲያጥቡት ገላውን ማየትዎን አይተዉ፤ መጀመሪያም ሕመሙን ያገኙት እርስዎ ነዎት።