እግሩን የያዘው ይጠይቀው

ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የተሰየመው ዓለም አቀፍ ቀን በእኛ አቆጣጠር ምንጊዜም ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት በቀር የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ነው። በጎጃም፣ በዱርቤቴም፣ በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም ሰው በግና ዶሮ የሚያማርጥበት፣ ቅቤ የሚያስመዝንበት፣ ልጃገረዶች ለአበባዮሽ የሚሰናዱበት ቀን። ባነር የሰቀለ ጤና ጣቢያ ቢኖር እንኳ አንባቢው ገበያ ነው ያለው። በዚህ ማንም አይወቀስም፤ የቀን መቁጠሪያ ግጥምጥሞሽ ነው። የሚያስወቅሰን ዓመቱን ሙሉ አንድን ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ አለማዘጋጀታችን ነው።

ጥያቄው አጭር ነው፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

ይህን ማን ይጠይቅ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ አእምሮ ሐኪም ይሄዳል። የአእምሮ ሐኪም ግን ከዱርቤቴ ሩቅ ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ፣ ሪፈር ማጻፍ፣ መንገዱ መከፈቱን መጠየቅ ይጠይቃል። በየሆስፒታሉ ደግሞ ከበሽተኛው ጋር ረጅም ጊዜ የሚያሳልፉት ሌሎች ናቸው። ሐኪሙ ደጅ ላይ ሰልፍ ስለሚጠብቀው ቶሎ አይቶ፣ ጽፎ ያሰናብታል። ፊዚዮቴራፒስቱ ግን አንዱን ጉልበት እያጠፈ እየዘረጋ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ ያው ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቁስል የሚጠርገው፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚለካው፣ ያበጠ እግር ማጠብን የሚያስተምረውም እንዲሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ በአገራችን «ዶክተር» ስለሚባል በሽተኛው ማዕረጋቸውን አይለይም። እጃቸውን ግን ይለምደዋል። እጁን ለለመደው ሰው ደግሞ ያወራል።

የሚያወራውን የማያውቅ ባለሙያ የለም። «ልጄ፣ እግዜር ቶሎ ቢወስደኝ ይሻለኝ ነበር።» «ለልጆቼ ሸክም ሆንሁ።» «እንዲህ ሆኖ መኖር ምን ያደርጋል?» መልሱም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኧረ እንዲህ አይበሉ አባቴ! እግዜር ያውቃል፤ ይድናሉ።» ይህ መልስ ከቸር ልብ የወጣ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አፍ ይዘጋል። አዛውንቱ ወጣቱን ባለሙያ እንዳስደነገጡት ይረዱና ሁለተኛ አያነሱትም። ባለሙያውም ወደ ጉልበቱ ይመለሳል፤ የተማረው ጉልበት ነዋ።

ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚሰጥ ስልጠና ሊያስተምር የሚገባው ዋና ነገር እዚህች ቅጽበት ላይ አለመሸሽን ነው። ብዙዎቻችን «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብለን እንፈራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀው የስልጠና መርሐ ግብር በዚህ ላይ አያወላዳም፤ በቀጥታና በአክብሮት መጠየቅ ሰውን ወደ ድርጊቱ አይገፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያስተነፍሳል። «አዎ» የሚል መልስ ከመጣ የሚከተለውም ለፊዚዮቴራፒስት ከአቅም በላይ አይደለም። ሰውየውን ብቻውን አለመተው፣ በእርሱ ፈቃድ ቤተሰብ መጥራት፣ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅ ማድረግ፣ የሥነ አእምሮ ነርስ ካለ እጅ ለእጅ ማስረከብ፣ ከዚያም «ማክሰኞ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ማክሰኞ ካልመጣ መደወል። (ይህን የምታነብ ወይም የምታነቢ፣ ሐሳቡ ራሳችሁ ውስጥ ካለ፣ ዛሬውኑ ለምትቀርቡት ሰው ንገሩና አብራችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ሐሳብ ይመጣል፤ በእርዳታም ይሄዳል።)

ይህ የፈረንጅ ወግ ነው የሚል ካለ ወደ ጎጃም አፈር ላምጣው።

ቀዩ አፈራችን ዳጉሳና በቆሎ ያበቅላል፤ በባዶ እግር የሚረግጠውን ደግሞ ያሳብጣል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሕዝቡ ከዝሆኔ ጋር አንድ ያደርገዋል። ከእሳተ ገሞራ የመጣ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ገብተው ነው የሚያሳብጡት። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያያያዘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት እንዳለ ደግሞ እነ ዶክተር ፋሲል ተኮላ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ግምት አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ኢትዮጵያዊ አለበት። ጫማ፣ ውኃና ሳሙና የሚከላከሉት በሽታ ነው እንግዲህ።

ጣጣው እግር ላይ አይቆምም። እግሩ ያበጠ ሰው ድግስ ላይ ጥግ ይይዛል። ልጁን የሚያገባ «ዘራቸው ነው» ብሎ ይሸሻል። የሚያተኩሰው ሕመም በተነሳ ቁጥር በእርሻው ወራት አልጋ ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሰሜን ኢትዮጵያ ጥናት በሽታው ያለባቸውን ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያይቶ በሕመምተኞቹ ላይ የአእምሮ ጭንቀት ጎልቶ አግኝቷል። ገበሬው ያለ ጥናትም ያውቀዋል፤ የማያውቀው መጠየቅ ያለበት ማን እንደሆነ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ የሚያተኩሰው ሕመም መመላለሱ ቀነሰ። ለዚህ አምድ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ግን በአዊ ዞን የተሠራው ሥራ ነው። ከዱርቤቴ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚወርድ መንገደኛ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቲሊሊ ያልፋል። በዚያ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ የብራይተንና ሳሴክስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከጤና ቢሮው ጋር ሆነው ለፖዶኮኒዮሲስ፣ ለዝሆኔና ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የሚሰጠውን የእግር እንክብካቤ ከአእምሮ ጤና ድጋፍ ጋር አንድ ላይ አድርገው በመደበኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ አስገቡት። እግር የሚያጥበው ነርስ ድብርትንም እንዲለይ ሰለጠነ ማለት ነው። ነገሩ በእኛው መንገድ ዳር፣ በእኛው ባለሙያ እጅ ተሞክሯል። ከዱርቤቴ ቲሊሊ ሩቅ አይደለም።

በአማራ ክልል ግጭት ከሰፋ ወዲህ ደግሞ እግሩን ወይም እጁን ያጣ ወጣት በየመንደሩ አለ። ትናንት ጥማድ ይዞ ያርስ የነበረ ጎልማሳ ዛሬ ከእናቱ ጋር ደጅ ላይ ይውላል። በባሕር ዳር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ካሠለጠነ ቆይቷል፤ ኅብረተሰብ አቀፍ ተሐድሶም አለው፤ በቅርብ ዓመታት ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ሰው አለን ማለት ነው። እግር ለመለካት የተቀመጠው ወጣት ባለሙያውን ቀና ብሎ ላያየው ይችላል። ዝም ማለቱ ጨዋነት እየመሰለን እናልፈዋለን።

እዚህ ላይ የስልጠና ባህላችንን ማንሳት ግድ ነው። ስልጠና ሲመጣ የሚላከው ሰው የሚመረጠው በምን እንደሆነ በጤናው መስክ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ አበል ያልደረሰው ይሂድ ይባላል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ፓወር ፖይንት ታይቶ፣ በሻይ ዕረፍት ተጨዋውቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሰርተፍኬት ታቅፎ ይመለሳል። ከወራት በኋላ ሰልጣኙ ዝውውር ያገኛል፤ የተማረውም አብሮት ይሄዳል። ተሐድሶ ክፍሉ ደግሞ «የአእምሮ ጤና» ከሚል ጥሪ ላይ ስሙ ከመነሻው የለም። ደብዳቤው ለተመላላሽ ክፍልና ለሥነ አእምሮ ነርሱ ነው የሚደርሰው።

አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት ይህን በሕግ ነው የፈታው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሥነ ልቦና ባለሙያዎችንና ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን፣ በ2014 ደግሞ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ፊዚዮቴራፒስቶችን ራስን የማጥፋት አደጋን የመለየት ስልጠና እንዲወስዱ አስገደደ። ያን ሕግ ቀድተን እናምጣ አልልም። አስተሳሰቡ ግን ልክ ነው፤ ስልጠናው የፍላጎት ወይም የአበል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሙያው አካል ሆኗል። የእኛም የሙያ ፈቃድ ዕድሳት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃል፤ ቦታው አለ።

ከስልጠናው በኋላ ያለው ክትትል ከስልጠናው ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ባሉ ሆስፒታሎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመጡ 1 ሺህ 867 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለቀሩት አንድ ሰዓት ያህል የምክር ጊዜና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ?» መባል ተጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንደሚለው በተለመደው ሕክምና ከታዩት 2.2 በመቶው ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ ክትትል ካገኙት 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውድ መድኃኒት የለበትም፤ ማሽንም የለበትም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያላት አገር ዘጠኝ ጊዜ ደጅ ማንኳኳት እንዴት ያቅታታል? ባለሙያዋ ቀድሞውኑ የምትሞላው ቅጽ ብዙ መሆኑ አይጠፋኝም። ታዲያ ከቅጾቹ አንዱ ይቀነስላት።

የገጠሩ ነገር ሌላም መልክ አለው። የሰብል መድኃኒት ከእህል ጋር፣ አልጋ ሥር፣ ሕፃን በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን እየለየች በማገዷ ራስን ማጥፋት ከ1995 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በ70 በመቶ ያህል ወርዷል፤ 93 ሺህ ያህል ሰው ሕይወቱ እንደተረፈ ይገመታል። የከባዱ ሐሳብ ሰዓት አላፊ ነው፤ በዚያች ሰዓት እጅ የሚገባው ነገር ነው የሚለየው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ቁልፍ ያለው ሳጥን መኖሩን መጠየቅ የግብርና ባለሙያውም ሥራ ነው።

ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቀው በሁለት ፍርሃት ነው። አንዱ የፖሊስ ነው። ራስን የማጥፋት ሙከራን በሕግ ትቀጣ የነበረችው ጋና እንኳ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከወንጀልነት አውጥታዋለች። የእኛ የ1996 የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው፤ የሞከረውን አይደለም። ይህን ለሕዝብ የነገረ የለም። ሁለተኛው የፍትሐት ነገር ነው፤ «ስሙ ይጠፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ትከለክለናለች» የሚለው። ይህን ለመፍታት የንስሐ አባትን የሚተካ የለም። አንድ የንስሐ አባት ስልጠናው ላይ ከፊዚዮቴራፒስቱ አጠገብ ቢቀመጡ ሁለቱም የሚማሩት ይኖራል፤ ቄሱ ጠበል የሚያስጠምቁትን ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይነግሩታል፣ ባለሙያው ሐፍረቱ ከየት እንደሚመጣ ይሰማል።

ለዱርቤቴው ደቡብ አቸፈርም ሆነ ለጃቢ ጠህናን ወረዳ የምለምነው ብዙ አይደለም። የሆቴሉ ስልጠና ይቅርና በየወሩ ከሚደረገው የሥራ ግምገማ ላይ ግማሽ ቀን ይቆረጥ። ፊዚዮቴራፒስት፣ ቁስል ጠራጊ፣ ፋርማሲስት፣ ካርድ ክፍል ጭምር ይቀመጡ። አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ባለሙያ ሆነው ያችን አጭር ጥያቄ ምላሳቸው እስኪለምዳት ጮክ ብለው ይጠያየቁ፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። የሥነ አእምሮ ነርሱ ወይም ተተኪው ስልክ ቁጥር በተሐድሶ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ይሁን። የተሐድሶው መዝገብ የጉልበቱን መታጠፍ በሚጽፉበት ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርለት፦ ተጠየቀ፣ አልተጠየቀ። ወሩ ሲያልቅ ኃላፊው የሚቆጥረው ስንት ሰው እንደሰለጠነ ሳይሆን ያ ዓምድ ስንት ቦታ ባዶ እንደቀረ ይሁን።