ኅዳር ላይ «ቀሪ» የተባለ ልጅ

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት «መጸው» ብለውታል። ዛሬ ብዙዎቻችን፣ በተለይም ከተማ ያደግነው፣ ይህንኑ የአደይ አበባ ወቅት «ጸደይ» እያልን እንጠራዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ስሙን የተሳሳትን ሰዎች የወቅቱን ሥራ ብንረሳው አይደንቅም። በደጋማው ጎንደር መጸው ማለት ገብሱ የሚደርስበት፣ ባቄላው የሚነቀልበት፣ ጤፉ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፤ ከፍ ያለው ከአባቱ ጋር ወንፈል ይወርዳል፤ ሴቷ ልጅ ለአጫጆች እህል ውኃ ታደርሳለች።

የትምህርት ዘመናችንም የሚከፈተው በዚያው በመስከረም ነው። በገጠር መስቀል ካላለፈ ተማሪው በወጉ አይሰበሰብም፤ ጥቂት ሳምንታት እንደ ተማረ አጨዳው ይደርሳል። መምህሩ መዝገቡን ይከፍትና በልጁ ስም ትይዩ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ቀሪው ልጅ ግን ከሥራ አልቀረም። አባቱም ልጁ የት እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል። የማያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ አእምሮዬ ደጋግሞ የሚሄደው ወደ ወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ የቤተ እስራኤል መንደር ሆና የኖረች፣ በሸክላዋ የታወቀች ስፍራ ናት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ የወለቃ ቤተሰቦችም አብረው ሄደዋል። የሸክላው ሥራ ግን ከመንደሯ አልጠፋም። ወደዚች መንደርና ወደ አካባቢዋ ሕዝብ ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ በመጀመሪያ ይዘውት ከመጡት መካከል ደግሞ ከሉተራውያን ቤት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ታሪኩ በቅርብ ሲታይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለበት። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጭቱ እንዲገባን ወደ ምንጩ እንመለስ። ማርቲን ሉተር በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት በጻፈው ደብዳቤ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ አጥብቆ ሲማጠን፣ ልጆቻችን ለቤት ሥራ ያስፈልጉናል ብለው ለሚከራከሩት ወላጆች መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ወንዱ ልጅ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይማር፤ የቀረውን ጊዜ በቤቱ ይሥራ፣ ሙያም ይልመድ። ሴቷም አንድ ሰዓት ታግኝ፤ የቤቷ ሥራ አይጓደልባትም። በ1529 ያወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ደግሞ በየክፍሉ ራስጌ ትምህርቱን የቤቱ አባወራ ለቤተሰቡ እንዴት አድርጎ ማስተማር እንደሚገባው ይናገራል። በዚህ አስተሳሰብ የመጀመሪያው መምህር ወላጅ ነው።

ስዊድናውያን ይህን ሐሳብ በሕግ አጸኑት። በ1686 በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ንባብ በቤት ይለመድ ነበር፤ የደብሩ ካህን በየመንደሩ እየዞረ ቤተሰቡን ከነአገልጋዩ ሰብስቦ ያስነብባል፣ ይጠይቃል፣ ውጤቱን በመዝገብ ያሰፍራል። ያ መዝገብ እንደኛው «ቀሪ» የሚል አልነበረም፤ ማን ምን ያህል እንደሚያነብ የሚያመለክት ነበር። በየደብሩ ትምህርት ቤት እንዲኖር የታዘዘው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ በ1842 ነው። ትምህርት ቤቱ ከተስፋፋ በኋላም በስዊድን ገጠር የበልግ... ይቅርታ፣ እኛ መጸው በምንለው ወቅት «የድንች ዕረፍት» የሚባል ነገር ነበር። ድንች የሚወጣበት ሳምንት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆች ማሳ ይወርዳሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ተመልሰው ይገባሉ። ቀሪ የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ወጥቶ አንድ ላይ ይገባልና።

ይህን የመሰለ ልማድ የነበራቸው ሰዎች ወደ እኛ ሀገር ሲመጡ ምን ይዘው መጡ?

ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሲገባ የቩርተምበርግ ተወላጅ፣ በባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና የሠለጠነ ሰው ነበር። ኋላ ያሰማራው ማኅበር የለንደን ቢሆንም አስተዳደጉ ከጀርመን ሉተራውያን ነው። በደምቢያ፣ በጀንዳ፣ በቤተ እስራኤል መካከል ሥራውን ጀመረ። ንጉሡም ጳጳሱም አንድ ገደብ አኖሩ፤ የሚጠመቅ ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ ተባለ። ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ ሉተራዊ ደብር አልተተከለም፤ የቀረው መጽሐፍና ትምህርት ነው። ይሁንና ተማሪ የሆነ ልጅ ከአባቱ ሃይማኖት ሊወጣ ነው ማለት ስለ ነበረ፣ ወላጅ በዚያ ትምህርት ቤት በራፍ ላይ የሚቆመው ልጁን ሊያስመልስ እንጂ ሊያግዝ አልነበረም። ቄሶቻቸው በጽኑ ተቃወሙ። እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር።

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ደግሞ በ1866 በምፅዋ በኩል ገባ። ከጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ቤተሰብ የተወለደው ታምራት አማኑኤል የተማረው በአሥመራ በሚገኘው የዚሁ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ዣክ ፋይትሎቪች ያገኘውም እዚያ ነው። ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤልን ልጆች ከሚሲዮኑ እጅ ለማዳን የተነሣ ሰው ነበር፤ ታምራትንም በ1905 ወደ ፓሪስ ወሰደው። ከዚያ ፍሎረንስ፣ ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሀገር ቤት። ታምራት በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሪ ሆነ፤ በስደትና በዲፕሎማሲ ሥራም አገልግሎ በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፈ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ትምህርቱን የሚያቃልል ካለ ከእኔ ወገን አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሚሲዮኑና ፋይትሎቪች በሁሉም ነገር ተቀናቃኞች ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል። ሁለቱም ልጁ እንዲማር ከቤቱ መራቅ አለበት ብለው አምነዋል። የአዲስ አበባውም አዳሪ ነበር፤ በ1950ዎቹ የአይሁድ ኤጀንሲ በአሥመራ የከፈተውም አዳሪ ነበር። የጎንደር ገጠር ልጅ መጸው በገባ ቁጥር የአባቱን ማሳ የሚያየው በሐሳቡ ብቻ ሆነ። እናቱ ምጣድ ስታለሰልስ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያቀብላት ልጅ አልኖራትም። ቤተሰብ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ድርሻ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን መስጠት።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ማስረጃው ከዚያው ከስዊድን ሚሲዮን ቤት ይገኛል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም ከባርነት ነፃ ወጥተው በምንኩሉ ያደጉ ነበሩ። አስቴር የሕዝቧን ተረትና ግጥም ከማስታወሷ ሰበሰበች፤ ከኦነሲሞስ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በዚያችው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ልጁ ያነበበውን እናቱ ትሰማዋለች፤ ተረቱንም ከርሱ ቀድማ ታውቀዋለች። ቤተሰብን ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ማለት ለእኔ ይህ ነው። ከዚህ ወላጅ የሚጠራበት ስብሰባ ብዛት ቢቆጠር ምንም አያክልም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም በ1962 የጀመረችው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልጅና ጎልማሳን በየመንደራቸው ያስተምር ስለ ነበረ ከዚሁ ወገን እቆጥረዋለሁ።

ወደ ወለቃ ልመለስ። ለቤተ እስራኤል መጸው የስግድ ወቅት ነበር። ከማስተሥረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ከየመንደሩ ይሰበሰባል፤ በጎንደር በኩል አምቦበር ትልቋ ስፍራ ነበረች። ቄሶች ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ጾሞ ይከተላል፤ በግእዝ ይነበባል፣ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ከዚያ ወርደው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። ሽማግሌውም ሕፃኑም አንድ ንባብ ሰምቶ ይመለሳል። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ይህ በዓል ያለ ደወልና ያለ መዝገብ ቤተሰብን በሙሉ ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ነበር፤ ፍላድ ካጠገቡ ቆሞ አላየውም ማለት አይቻልም፤ የሚታረም ነገር አድርጎ ነው ያየው።

መጸው የሸክላም ወቅት ነው። ዝናብ ካላቆመ ሸክላ አይደርቅም፣ ካልደረቀ አይተኮስም። አፈሩን መምረጥ፣ መውቀጥ፣ መንፋት፣ ገል ፈጭቶ መቀላቀል፣ ጀበናውን በለስላሳ ድንጋይ ማሸት፣ እሳቱን መጠበቅ፤ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ስለ አፈር፣ ስለ ሙቀትና ስለ ቅርጽ የምታስተምረው አላት። ግን ሸክላ ሠሪ በሀገራችን ምን ስትባል እንደ ኖረች እናውቃለን፤ «ቡዳ» ብሎ የሸሻትን ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተን፣ እርሷን ግን ወደ ክፍሉ ጠርተን አናውቅም። የወላጆች ቀን ስንልም ብዙውን ጊዜ ሰኔ ላይ፣ ሽልማት ሲሰጥ፣ አጨብጭባ እንድትሄድ የምንጠራት ቀን ነው።

እኔ የምለው ይህ ቀን ወደ መጸው ይምጣ ነው። የአጨዳው ሁለት ሳምንት በየወረዳው እንደ ሰብሉ ታውቆ በይፋ ይዘጋ፤ ሲከፈት ወላጅ ልጁን ይዞ ይግባ፣ እጁ የሚያውቀውንም ያሳይ። የሚሰነዘረው ተቃውሞ ይገባኛል። ልጅን ከትምህርት አስወጥቶ ሥራ ላይ መጣል ነው ይባላል፤ የወጣው አይመለስም፣ በተለይ ሴቷ አትመለስም ይባላል። ከባድ ክርክር ነው። ነገር ግን ልጁ አሁንም ወጥቷል። የወጣው ለብቻው፣ ተሸማቆ፣ ያለፈውን ትምህርት የሚደግምለት ሳይኖር ስለሆነ ነው መመለሻው የጠፋው። የታወቀ ዕረፍት የመመለሻ ቀን አለው፤ «ቀሪ» ግን የለውም። ለአርብቶ አደሩና ለሩቅ ገጠር የታሰበው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ሰዓቱን ከቤተሰብ ሥራ ጋር ሲያስማማ አይተናል፤ መደበኛው ይህን የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ በዚህ ጊዜ ስለ አጨዳ ዕረፍት ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በተገላቢጦሹ ነው የማየው። ሲከፈቱ ልጁን የሚመልሰው ደብዳቤ ወይም ደወል አይደለም፤ ቤተሰቡ ነው። ያ ቤተሰብ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን በፈረቃ ስለሚያስተምሩ ልጁ ግማሽ ቀን ነፃ ነው፤ ሉተር ለወላጆቹ የጠየቀላቸው የቤት ጊዜ ሳናስበው በእጃችን አለ። እንግዲህ የወለቃዋን ሸክላ ሠሪ፣ የአምቦበሩን ገበሬ፣ በጥቅምትና በኅዳር ልጃችሁ ጠዋት ይምጣ ወይስ ከሰዓት በኋላ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በጀት አያስፈልግም።