ታኑሩ አልሞተም

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ታኑር ነው። የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ብንለውም ያስኬዳል፤ ነገር ግን በየቤታችን ስሙ ታኑር ስለ ሆነ እኔም እንደ ለመድነው እጠራዋለሁ።

አባቴ ቄስ ነበርና የዓርብ ዳቦ በቤታችን ቀላል ነገር አልነበረም። አገር ቤት ሳለን ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ስለሚጠፋ የሚጋገረው ሁሉ ከዚያ በፊት ያልቃል። እናቴ እዚህም ልማዷን አልተወችም። ከጥቂት ወራት በፊት ታዲያ ዓርብ ጧት ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ዳቦው ከላይ ጠቁሮ ከታች ሊጥ ሆነብኝ» አለችኝ። እኔ ክፍል ልገባ ስቸኩል «ቴክናይ ይምጣልሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ቴክናዩ መጣ፣ አየ፣ በዕብራይስጥ ተናገረ፣ የመምጫውን ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ። ያስተረጎመው የእህቴ ልጅ ነው፤ ገና 11 ዓመቱ። «አያቴ፣ የታኑሩ ሰውነት ተቃጥሏል ይላል» አላት። እሷም «ሰውነቱ ከተቃጠለ ምን ቀረው» ብላ ታኑሩን በጨርቅ ሸፈነችው። ስድስት ዓርብ ሊጧን ተሸክማ ጎረቤት ቤት ጋገረች። ለእኔ ሳትነግረኝ አዲስ ታኑር በታሽሉሚም ልትገዛም ተሰናድታ ነበር።

ነገሩን ስሰማ ልጁን «ያለውን ቃል በዕብራይስጡ ድገምልኝ» አልሁት። «ጉፍ ሂሙም ኒስራፍ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፤ ጉፍ ማለት ሰውነት ነው። ጉፍ ሂሙም ሲባል ግን በታኑሩ ውስጥ የሚግለው ብረት ማለት ነው። ቴክናዩም አላታለላትም፤ ዕቃውን ላምጣ ወይ ብሎ ጠይቋት ኖሯል፣ እሷ ናት «ይቅር» ያለችው። ለስድስት ሳምንት ያንከራተተቻት አንዲት ቃል ነበረች።

ለመሆኑ ይህ ብረት ምንድን ነው? ከጣት የቀጠነ የታጠፈ ቱቦ ነው። በመካከሉ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ዱቄቱ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ይከለክላል። ሽቦው ለዓመታት ሲግልና ሲበርድ ኖሮ አንድ ቀን ይበጠሳል። ያን ጊዜ የታኑሩ መብራት ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ ብረት ግን ሙቀት የለም። በአንድ ታኑር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያለ ብረት አለ፦ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከወለሉ ሥር፣ ማራገቢያ ያለው ከሆነ ደግሞ አንድ ክብ ከኋላ። አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ይሠራሉ።

በሽታውን ዳቦው ራሱ ይነግራችኋል። ከላይ ጠቁሮ ከታች ሊጥ ከሆነ የታችኛው ነው። ከታች በስሎ ከላይ ከነጣ የላይኛው ነው። በማራገቢያው ስትጋግሩ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ የኋለኛውን ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ የማዞሪያውን ሥዕል እዩ፤ መሥመሩ ከታች ከሆነ የታችኛው ብረት፣ ከላይ ከሆነ የላይኛው ነው። አንዱን ብቻ ዐሥር ደቂቃ አቆዩና በሩን ከፍታችሁ ሙቀቱን ከሩቅ በመዳፋችሁ ስሙት፤ ምንም አትንኩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላውን ሞክሩ።

ሁሉም ከቀዘቀዘ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የብዙ ታኑሮች ሰዓት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰዓቱ እስኪስተካከል ድረስም አይግሉም። ለዚህ ቴክናይ መጥራት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን የምለውን በጥሞና ስሙኝ። ታኑሩን ስታበሩ የቤቱ መብራት ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያጠፋው ፓሐት የምንለው ማብሪያ ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ እርጥበት ሲገባው ኤሌክትሪኩ ወደ ታኑሩ ብረት ይፈስሳል፤ ፓሐቱ ይህን አይቶ ያቋርጣል። በቤት የሚገባው ዓይነት በ30 ሚሊአምፔር፣ ማለትም በጣም በጥቂቱ፣ ያቋርጣል፤ ነፍስ ለማዳን ነው። አንዳንድ ሰው እየደጋገመ ያነሣዋል፤ «አስቸገረን» ብሎ ሊያስነቅለው የሚፈልግም አለ። ይህ ዘበኛውን አስሮ ሌባውን ማስገባት ነው። ታኑሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ፓሐቱን አንሡ፤ ቴክናይ እስኪመጣ ታኑሩን አትንኩት።

እኔ መምህር እንጂ ሐሽማላይ አይደለሁም። ስለዚህ ያንኑ ቴክናይ መልሼ ጠራሁትና አጠገቡ ቆሜ አየሁ። በሉዋሕ ሐሽማል የታኑሩን ማብሪያ አወረደ፣ ከሶኬቱም ነቀለው። ታኑሩን ከቁም ሣጥኑ ስቦ የኋላውን ሽፋን ፈታ። ገመዶቹን ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ አነሣቸው። አሮጌውን ብረት በመለኪያ ሲለካው ምንም አልቆጠረም፤ ሽቦው ተበጥሷል። አዲሱ 1,200 ዋት ነው፤ 44 ኦም ቆጠረ። እኔም የአስተማሪ ነገር አላስችል ብሎኝ 230 ቮልትን በራሱ አባዝቼ ለ1,200 አካፈልሁት፤ 44 መጣ። ገመዶቹን አጥብቆ ሰካ፤ የላላ ገመድ ራሱ ይግልና ይቃጠላል። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን የመሬት ገመድም ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ መስኮት ከፍተን ባዶውን ታኑር በ200 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አጋልነው፤ አዲሱ ብረት መጀመሪያ ሲግል ይጨሳል፣ አትደንግጡ። ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም።

እንግዲህ ቴክናይ ከመጥራታችሁ በፊት ዋስትናው፣ አሕራዩት የምንለው፣ አልፎ እንደ ሆነ እዩ። በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፤ ብረቱ በቅርጹም በዋቱም ልክ የቀድሞው መሆን አለበት። ሲመጣም ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የተበላሸው የትኛው ነው? ዕቃው ስንት ነው? ሥራው ስንት ነው? መልሱን በወረቀት ይጻፍላችሁ። ወረቀት ለሌላ ሰው ይነበባል፤ የልጅ ትርጉም ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ ያው ነው። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ሆኖም የ11 ዓመት ልጅ የቤት ውሳኔ ሊሸከም አይገባውም። ዛሬ የታኑር ነገር ነው፤ ነገ የሐኪም ቃል ሊሆን ይችላል። እኔም ያን ዓርብ ስልኩን ባልዘጋው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ እናቴ ቤት ሄድሁ። የእህቴም ልጅ ነበረ፤ አንገቱን ደፍቷል። እናቴ ዳቦውን አወጣች፣ ገለበጠችው፣ ሥሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ወደ ልጁ ዞራ «ና እይ፣ ሰውነቱ ድኗል» አለችው።

ሰንበት ሰላም።