ሚያዝያ 27 ጎሬ አልደረሰም

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይሰለፋሉ። ንግግሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጠላት በ1928 ዓ.ም. በዚህች ቀን አዲስ አበባ ገባ፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፣ መከራውም አበቃ። ታሪኩ ገጥሟል፤ ለተናጋሪም ይመቻል። የኢሉባቦር ሰው ግን በሁለቱም ጫፍ የለበትም።

የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ጎሬ ነበር። ጃንሆይ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ትተው ወጡ፤ የጎሬውን ጊዜያዊ መንግሥት የሚመሩት ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ። የቦታው ምርጫ የአጋጣሚ አይደለም። ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉም የማይለያት የኢሉባቦር የአስተዳደር ከተማ ነበረች። ከዚያ መንገዱ በቡሬ አድርጎ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል። ቡናውና ሰሙ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የጋምቤላ የንግድ ሰፈር በእንግሊዞች እጅ ነበር፤ ጎሬ ላይም የእንግሊዝ ቆንሲል ተቀምጧል። ከሰሜኑና ከምሥራቁ በር ሁሉ ሲዘጋ ለተሸነፈ መንግሥት የቀረው መውጫ ይኸው ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ ከኋላቸው ባዶ አገር አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ወጣቶች ቦናያ ላይ፣ ለቀምት አጠገብ፣ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማልዮኮን ገድለው ነበር። ጣሊያን ጎሬ የገባው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው፤ ራስ እምሩም ጎጀብ ወንዝ ዳር እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ። አዲስ አበባ ከወደቀች ከስድስት ወር በላይ አልፎ ማለት ነው።

መጨረሻውም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ እልል ስትል ጅማና ከጅማ ወዲያ ያለው አብዛኛው ምዕራብ ገና በጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጅ ነበር። ጅማ የተያዘችው በሰኔ አጋማሽ ነው። ጋዜራ ወደ ምዕራብ እያፈገፈገ ሄዶ ሰኔ 26 ደምቢ ዶሎ ላይ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ሳዮ፣ እጁን ሰጠ። የተቀበለው ጄኔራል ዢሊያርት የሚባል ቤልጅጋዊ፣ ያስጨነቁትም የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። ከአገራቸው ተነሥተው ሱዳንን አቋርጠው መጋቢት መጀመሪያ ላይ አሶሳን፣ በዚያው ወር ጋምቤላን ይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሳዮ ዳገት ሥር ተጠግተው፣ ባሮ ጎድሎ ስንቅ እያጠራቸው፣ ወራት ቆዩ። ከጥይት ይልቅ በሽታ ጨረሳቸው። አገራቸው እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ቅኝ ግዛት ሆና ቀረች፤ ሰውን ነጻ አውጥተው ወደ ባርነታቸው ተመለሱ። ኪንሻሳ ውስጥ ሳዮ የሚባል ጎዳና አለ። አራት ኪሎ በሚነበበው ንግግር ውስጥ ግን የኮንጎ ስም ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

«ይህ የዓለም ጦርነት መታጠፊያ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። በካይሮው የእንግሊዝ ጦር መምሪያ ካርታ ላይ የሚከብዱት ከረንና ምጽዋ ናቸው፤ እነሱ ከተያዙ በኋላ ነው ሩዝቬልት ቀይ ባሕርን ለአሜሪካ የንግድ መርከቦች የከፈተው፤ በግብጽ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ስንቅም በዚያ መንገድ ገባ። እኔ የምጠይቀው መታጠፉ ለማን እንደሆነ ነው። የጎሬ ጎረቤት በሆነችው በመቱ ያለ ተማሪ ስታሊንግራድንና ኤል አላሜንን በቃሉ ይወጣል፤ ደጁ ላይ ጦርነቱ መቼ እንዳበቃ ብትጠይቀው የአዲስ አበባን ቀን ይነግርሃል። ጎንደሬውስ? ጎንደር የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከድል በዓሉ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ። አገር አንድ የመታሰቢያ ቀን ያስፈልጋታል፣ ይሁን፤ ቀኑን የሚቀማ የለም። ዋና ከተማዋ ስትያዝ አገር ተያዘ፣ ዋና ከተማዋ ስትለቀቅ አገር ተለቀቀ የሚለው ልማድ ግን ለታሪክ አይሆንም።

ልማዱ የሚመችበት ሌላ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል። ጎሬን በደንብ ያነሣ ሰው ጎሬ ለምን እንደወደቀች መመለስ አለበት። ከውጭ የተጠበቀው መሣሪያ አልመጣም፤ ይህን ማንም ይናገራል። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ኢሉባቦር የገባር አገር ነበረ። ገበሬው የሚያውቀው የመንግሥት ወታደር ከማሳው የሚበላ፣ ከጉልበቱ የሚወስድ ሰው ነው። ያ ወታደር ተሸንፎ ሲመጣ «አብረን እንሙት» ቢለው የሚሰማው ጆሮ ጥቂት ነበር። በወለጋም በኩል ባላባቶች በ1928 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን ጥያቄ አቅርበዋል። ይህን አንድ ጊዜ «ባንዳነት» ብሎ ማለፍ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አለማንሣት ተለምዷል። ሁለቱም አያዋጡም፤ ገባሩ ያን መንግሥት የሚያድንበት ምን ምክንያት ነበረው? በሚቀጥለው ሚያዝያ 27 ጉንጉኑን የሚያስቀምጥ ባለሥልጣን ይህን ጥያቄ ጎሬ ሄዶ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። መቱ ያሉት የታሪክ መምህራንም ስለ ሰኔ 26 ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢነጋገሩ ማንም አይከለክላቸውም።