ሁለተኛው ጥያቄ

ኖቬምበር 13 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ኧርነስት ፊትዝጀራልድ የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል የወጪ ተቆጣጣሪ ዋሽንግተን ውስጥ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ለምስክርነት ሲቀመጡ እጃቸው ላይ ወረቀት አልነበረም። በዚያ ቤት ልማድ ምስክር የሚናገረውን አስቀድሞ ጽፎ፣ አባዝቶ፣ ለእንደራሴዎቹ አድሎ ነው የሚቀርበው። አለቆቻቸው ግን የተጻፈ መግለጫ እንዲያቀርቡ አልፈቀዱም። መቅረታቸው ካልተቻለ ባዶ እጃቸውን ይሂዱ፤ ከተጻፈ ይልቅ የተነገረን ማስተባበል ይቀላልና።

ጠያቂው የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር ነበሩ። ጉዳዩ ሎክሂድ የተባለው ኩባንያ ለአየር ኃይሉ የሚሠራው ሲ-5ኤ የተሰኘ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ነው። ሴናተሩ አንድ ቁጥር ደርሷቸዋል፦ ግዥው ከተባለው ዋጋ በላይ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊፈጅ ነው። እውነት ነው ወይ? ፊትዝጀራልድ ማምለጫ አላጡም። «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ይቻላል፤ «ገና እየተጠና ነው» ማለትም ይቻላል። የትም አገር ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። እሳቸው ግን ቁጥሩ ከእውነቱ ብዙም እንደማይርቅ ተናገሩ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቋሚ ሠራተኛ የሚያሰኛቸው ዋስትና በኮምፒውተር ስሕተት የተሰጠ ነበር ተባሉና ተነጠቁ። ከትልልቆቹ የጦር መሣሪያ ግዥዎች ተነሥተው ታይላንድ ውስጥ ያለ የቦውሊንግ መጫወቻ ስንት እንደፈጀ እንዲያጣሩ ተመደቡ። ትንሽ ቆይቶ የሥራ መደባቸው ራሱ ታጠፈ። ወጪ የሚቆጣጠር ሰው ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ተባረረ ማለት ነው። ፊትዝጀራልድ ዓመታት የፈጀ ክርክር ገጥመው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋር የገጠሙት ሙግት ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ ሆኖ ለሠራው በካሳ እንደማይጠየቅ በመወሰን ተዘጋ።

በዚህ ታሪክ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለምስክሩ ይሰጣል፤ ይገባቸዋልም። የጠያቂው ድርሻ ግን ሳይታይ ያልፋል። ፕሮክስማየር ቁጥሩን ሳይዙ አልጠየቁም። መከላከያው ሲያስተባብል ደግመው ጠየቁ፤ ፊትዝጀራልድ ሲባረሩ ደግሞ የተባረሩበትን ምክንያት ራሱን የምርመራ ርዕስ አድርገው ኃላፊዎቹን አስጠሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሥራ የሠሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

ሰውየው ከሌሎች እንደራሴዎች ለየት ያሉ ነበሩ። ለዊስኮንሲን አገረ ገዥነት ሦስት ጊዜ ተወዳድረው ሦስቴም ወደቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የግዛቱ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሲሞት በተጓደለው ወንበር ሴኔት ገቡ፤ እስከ 1989 መጀመሪያም ቆዩ። ወደ ቢሮ የሚሄዱት በሩጫ ነበር። ለምርጫ የሚላክላቸውን ገንዘብ ለላኪው ይመልሱ ነበር፤ በ1976ም በ1982ም የምርጫ ዘመቻቸው 200 ዶላር እንኳ አልፈጀም፤ እሱም ቢሆን ከኪሳቸው ወጥቶ ለምዝገባና ገንዘብ መመለሻ ፖስታ የዋለ ነው። ዘመቻ የሚሉት ስታዲየም በር ላይ ቆሞ የገባ የወጣውን መጨበጥ ነው። በዚያ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ አንድም ድምፅ መስጫ ሳያመልጣቸው 10,252 ጊዜ በተከታታይ ድምፅ ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ብክነት ሲናገር «አንተስ?» ብሎ የሚመልስለት አይገኝም።

እ.ኤ.አ. ማርች 1975 ላይ ይህን ዝናቸውን ይዘው አዲስ ነገር ጀመሩ፦ የወርቅ ለምድ የተባለ ሽልማት። በየወሩ የሕዝብን ገንዘብ በከንቱ አባከነ ላሉት መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የማላገጫ ሽልማት ነው። እንግሊዝኛው ቃል፣ «ፍሊስ»፣ የበግ ጠጉርንም፣ ሰውን አታሎ ኪሱን ማራቆትንም ይገልጻል። አማርኛም ከዚህ አይሰንፍም፤ በግም ይገፈፋል፣ ሕዝብም ይገፈፋል። ለምድ ደግሞ ከተኩላው ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው።

ሽልማቱ የተሳካ ቀልድ ነበር። የጦር ሠራዊቱ አንድ ጠርሙስ ማጣፈጫ ሶስ እንዴት እንደሚገዛ የሚያስረዳ 17 ገጽ ሰነድ በ6,000 ዶላር አዘጋጅቶ ተሸለመ። እስረኞች ከእስር ቤት ማምለጥ ለምን ይፈልጋሉ ተብሎ 27,000 ዶላር የወጣበት ጥናትም ተሸለመ። ወታደር በዝናብ ጊዜ ጥላ ይያዝ አይያዝ የሚለውን ለማወቅ 3,000 ዶላር ያወጣው የመከላከያ ሚኒስቴርም አልቀረለትም። እስከ ዲሴምበር 1988 ድረስ 168 ሽልማት ተሰጠ። ስለ ሲ-5ኤ ለማስረዳት ገበታና ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ስለ ሶሱ ጠርሙስ ግን ፀጉር አስተካካይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል፣ ወዲያውም ይስቃል። ችግሩም እዚያ ላይ ተወለደ፤ የሳቀ ሰው አይጠይቅም።

የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሰዎች ለምን እንደሚፋቀሩ ለማጥናት 84,000 ዶላር የሰጠችው የሳይንስ ድጋፍ ተቋም ነበረች። ብዙም ሳይቆይ የጦጣዎችን ጥርስ መንከስና ቁጣ የሚያጠና አንድ የሚሺጋን ተመራማሪን የደገፉ መሥሪያ ቤቶች ተሸለሙ። ለሰሚው አስቂኝ ነው። ጥናቱ ግን ፍጡር ጠባብ ቦታ ታጉሮ ሲጨነቅ ምን እንደሚሆን የሚመረምር ነበርና፣ ጠፈርተኛና ባሕርተኛ ለሚያሰማሩት መሥሪያ ቤቶች ትርጉም ነበረው። ተመራማሪው ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979፣ እንደራሴ ምክር ቤት ውስጥ ለተናገረው አይከሰስም፣ ለጋዜጣና ለመራጮቹ የበተነው ወረቀት ግን ይህ ከለላ የለውም ሲል ወሰነ። (በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 ያለው ከለላም ምክር ቤት ውስጥ ለሚሰጥ ድምፅና አስተያየት ነው።) ነገሩ በዕርቅ አለቀ፤ ሴናተሩ 10,000 ዶላር ከራሳቸው ከፍለው የተናገሩትን አስተካከሉ። ለጠበቃ የወጣውን ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ የከፈለው ደግሞ ሴኔቱ፣ ማለትም ያው ግብር ከፋዩ ነው። ለዚያ ወር የወርቅ ለምድ ከዚህ የተሻለ ዕጩ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ ካለ ለማዳመጥ ናሳ የጀመረውን ፍለጋም እንዲሁ ሸለሙት፤ በ1981ም በጀቱን አስቆረጡት። በዓመቱ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴጋን ቢሯቸው ሄደው አስረዷቸው። ፕሮክስማየር አዳምጠው ተቃውሟቸውን ተዉ። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ በየቀኑ አይታይም። ግን ያ ውይይት መምጣት የነበረበት ከሽልማቱ በፊት ነው።

ዱላውን የሚመልስ ሽልማት የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የቴነሲው እንደራሴ ጂም ኩፐር ያቋቋሙት ሽልማት ስሙ የወርቅ ዝይ ሲሆን፣ ሲሰሙት የሚያስቅ ግን ኋላ ብዙ የጠቀመ የመንግሥት ገንዘብ የወጣበትን ምርምር ያከብራል። ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ የሚያበራ የባሕር ፍጡር ሲያጠኑ የኖሩት ኦሳሙ ሺሞሙራ ነበሩ፤ ከዚያ የተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል፣ በ2008ም የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በ2016 ደግሞ የከብት ቁስል ውስጥ ሥጋ በል ትል የምትጥል ዝንብን ወሲባዊ ሕይወት ያጠኑ ሰዎች ተሸለሙ። ርዕሱ ብቻውን ለአንድ ወር ያስቃል። ወንዶቹን በጨረር አምክኖ መልቀቅ የሚለው ዘዴ የመጣው ግን ከዚያ ነው፤ አሜሪካ ከዚያች ዝንብ የተገላገለችውም በእሱ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ፣ የገንዲ በሽታ አስተላላፊዋን የፀፀ ዝንብ እያራቡ ወንዶቹን ለማምከን የተቋቋመ ማዕከል አለ። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ በሬው በገንዲ የሞተበት ገበሬ ስለ ዝንብ ወሲብ ማጥናት ብክነት ነው ቢሉት አይስቅም።

ፕሮክስማየር ፈጽሞ ያላላገጡበት ነገርም ነበር፤ ወተት። ዊስኮንሲን የወተት አገር ናት፤ ለወተት ዋጋ የሚሰጠውን ድጎማም ሴናተሯ ይደግፉ ነበር። እንግዲህ እንደራሴም የመጣበት ወረዳ አለው።

ቀልዱ በአንድ በኩል ሆኖ፣ እኒሁ ሰው ለሃያ ዓመት ያህል አንድ ጥያቄ ብቻ ሲጠይቁ የኖሩበትም ጉዳይ አለ። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አሜሪካ ገና እ.ኤ.አ. በ1948 ፈርማ ነበር፤ ሴኔቱ ግን ሳያጸድቀው ዓመታት አለፉ። ፕሮክስማየር በጃንዋሪ 1967 ተነሥተው፣ እስኪጸድቅ ድረስ ሴኔቱ በተሰበሰበ ቀን ሁሉ እናገራለሁ አሉ። 3,211 ንግግር አደረጉ። አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1986 ሴኔቱ 83 ለ11 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ያንን ስምምነት ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ከፋሺስት ወረራ በወጣች በስምንተኛ ዓመቷ።

በዚያ መዝገብ ላይ ቀዳሚ የሆነች አገር በምክር ቤት ጥያቄ በኩልስ? ሕጉ ላይ ጉድለት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን አቋቁሞ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የኦዲተሩን ሪፖርት ያነበበ ሰው ቃላቱን በቃሉ ይዟቸዋል፦ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ክፍያ፣ ከግዥ መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት። ዝርዝሩ ከፕሮክስማየር ሶስ ጠርሙስ ይልቅ ወደ ሲ-5ኤ ያዘነብላል፤ ደረቅ ነው፣ አያስቅም፣ ቁም ነገሩ ግን እሱ ውስጥ ነው።

ጉድለቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርቡ የየእንደራሴው ጥያቄ ተራ በተራ ይነበባል፤ ከዚያ መልሱ ተጠቃሎ ሰዓታት በሚፈጅ ንግግር ይሰጣል። ከተነበቡት ውስጥ የትኛው እንደተመለሰ፣ የትኛው እንደታለፈ ለማወቅ ጥያቄዎቹን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ስለ ውኃ የጠየቀው እንደራሴ መልሱ ካላጠገበው «ይህን አልመለሱልኝም» ብሎ እዚያው የሚነሣበት ክፍተት እምብዛም አይገኝም። የፊትዝጀራልድን ቀን በዚህ ሥርዓት ቢያስቡት፣ የ2 ቢሊዮኑ ጥያቄ ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትምህርት ቤት ከሚነሡት መሐል ሰባተኛ ሆኖ ይነበብና፣ ስለ አየር ኃይሉ ታላቅነት በሚነገር አንድ አንቀጽ ውስጥ ይሰምጥ ነበር።

ተስፋ የሚታየው ካሜራ በማይበዛበት ክፍል ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተመርማሪ መሥሪያ ቤቶችን ጠርቶ የኦዲት ግኝቱን አንድ በአንድ የሚያነሣበት ስብሰባ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መሐል ይቀመጣሉ፤ በአንድ በኩል የፋይናንስ፣ በሌላው በኩል የውስጥ ኦዲት ኃላፊ። የተለመዱት መልሶች ሦስት አራት ናቸው፦ ሂሳቡ የቆየ ነው፤ ሰነዱ ቀድሞ በነበሩት ኃላፊ ጊዜ የጠፋ ነው፤ ግብረ ኃይል አቋቁመናል፤ በሂደት ላይ ነው። እንደራሴው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ግኝት ካለፈ ያው ግኝት፣ ያው ቁጥር፣ አንዳንዴም አድጎ፣ በከርሞው ሪፖርት ተመልሶ ይመጣል።

ካላለፈስ? «ግብረ ኃይሉ የተቋቋመበት ደብዳቤ ቀኑ መቼ ነው? ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ብር አወራረደ? ቀሪው በማን ስም ነው የተያዘው?» ካለስ? ያኔ ኃላፊው ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ዘወር ይላሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ፎልደሩን ይከፍታሉ፣ ወረቀት ያገላብጣሉ፣ ከኋላ ወደተቀመጠው ሠራተኛ ዞረው በሹክሹክታ ይጠይቃሉ፤ ሠራተኛው ስልኩን ይዞ ከአዳራሹ ይወጣል።